የጃፓን ክራፍት ቢራ አቀማመስ፦ ከጠርሙስ ምርጫ እስከ ሦስቱ ብርጭቆዎች ፈተና

ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች በራሳቸው ሙያ የሚጠምቁት ቢራ) ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ምሬቱ ምላስ ላይ የሚቆይ፣ መዓዛው ገና ቆርኪው ሲነሳ ቤቱን የሚያውደው አይፒኤ የሚባለው የአሜሪካ ቢራ ነው። በዚያ ልማድ የጃፓኑን የቀመሰ ሰው «ደህና ነው፤ ግን ልዩ የሚያደርገው ምኑ ነው?» ብሎ ያልፈዋል። ይህ የሚሆነው ከአቀማመስ የተነሳ ይመስለኛል። ጎበዝ የጃፓን ጠማቂ ዩዙ የሚባለውን የሎሚ ዘመድ ቢጨምር፣ ቀይ ሩዝ ቢጨምር፣ ሱጊ በሚባለው የጃፓን ጥድ በርሜል ውስጥ ቢያሳድር፣ የጨመረው ነገር ቢራውን እንዲውጠው አይፈቅድም። ቀማሹ ፈልጎ ያገኘዋል እንጂ ራሱ ወጥቶ አይጮኽም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የብርጭቆ አጠባውም የሙቀቱ ነገርም፣ ያንን የተሸሸገ ጣዕም ለማግኘት የሚረዳ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ቢራው ከየት እንደመጣ

ጃፓን ውስጥ ቢራ መጠመቅ ከጀመረ ቆይቷል። በ1870 ገደማ ዊሊያም ኮፕላንድ የሚባል በኖርዌይ የተወለደ አሜሪካዊ ዮኮሃማ ውስጥ ስፕሪንግ ቫሊ የተባለ ጠመቃ ከፍቶ ነበር፤ የዛሬው ኪሪን መነሻውን ከዚያ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ፤ ኪሪን፣ አሳሂ፣ ሳፖሮ፣ ሰንቶሪ። ትንሽ ጠማቂ ያልነበረው ሰው ስላልፈለገ አይደለም፤ የመጠጥ ግብር ሕጉ የቢራ ፈቃድ ለማውጣት በዓመት ቢያንስ 2,000,000 ሊትር መጥመቅን ያስገድድ ነበር። በ1994 ሕጉ ተሻሽሎ ወደ 60,000 ሊትር ወረደ። በዓመቱ ኒጋታ ውስጥ ኤቺጎ ቢራ በሩን ከፈተ፤ ሌሎችም በየክፍለ ሀገሩ ተከተሉት።

ከእነዚያ ብዙዎቹ ለቱሪስት ማስታወሻ እንዲሆን የተጠመቁ፣ ዋጋቸው ውድ፣ ጥራታቸው ዛሬና ነገ የማይገናኝ ስለነበር ተዘጉ። የቀሩት ሥራውን የያዙት በሙያ ነው። ለቀማሽ የሚጠቅመው ደግሞ የአንዳንዶቹ ሥረ መሠረት ነው። ሂታቺኖ ኔስትን የሚጠምቀው የኢባራኪው ኪውቺ ከ1823 ጀምሮ የሩዝ መጠጥ የሆነውን ሳኬ ሲጠምቅ የኖረ ቤት ነው፤ ቢራ የጀመረው በ1996 ነው። ሺጋ ኮገንን የሚያወጣው የናጋኖው ታማሙራ ሆንተን ከ1805 ጀምሮ የሳኬ ጠማቂ ነበር፤ አሁን ሆፕሱን (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠውን፣ እንደ ጌሾ ያለውን ተክል) እንኳ ራሱ ያመርታል። ኢሴ ካዶያ ደግሞ ከኢሴ ታላቅ መቅደስ አጠገብ ከ1575 ጀምሮ ሞቺ የሚባለውን የሩዝ ኬክ ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ እርሾና ስለ እህል የሚያውቁት ከእነሱ በፊት ከነበረው ትውልድ ነው፤ ቢራቸው ውስጥ ሩዝና የሱጊ እንጨት ሲገኝ ከቤታቸው የወጣ እንጂ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም።

የሚገዙት አራት ጠርሙስ

ለመጀመሪያ ቀን ከአራት ዓይነት በላይ አይግዙ። ከዚያ ካለፈ ምላስ ይደክማል፤ የሚቀምሱትም ሳይሆን የሚጠጡት ይሆናል። እኔ የምመክረው እነዚህን ነው፦

አንደኛ፣ ሂታቺኖ ኔስት ዋይት ኤል፣ አልኮሉ 5.5 በመቶ። ጉጉት የተሳለበት ጠርሙስ ነው። በስንዴ የተጠመቀ ሆኖ ድምብላል፣ የብርቱካን ልጣጭና ገውዝ አለበት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከጃፓን ክራፍት ሁሉ በቀላሉ የምታገኙት ይህንን ነው።

ሁለተኛ፣ ዮና ዮና ኤል፣ እሱም 5.5 በመቶ። ካሩይዛዋ የሚገኘው ዮሆ ብሩዊንግ በካን የሚሸጠው ፔል ኤል ነው፤ ካስኬድ በሚባለው የአሜሪካ ሆፕስ የተሠራ።

ሦስተኛ፣ ኮኤዶ ቤኒያካ፣ 7 በመቶ። ካዋጎዬ በስኳር ድንች የታወቀች ከተማ ናት፤ መልኩ ስላላማረ ብቻ ገበያ የማይወጣውን ድንች እንዳይጣል ሲሉ ቢራ አደረጉት። ቀይ ቡኒ ነው።

አራተኛ፣ አንድ ጥቁር ቢራ፤ ፖርተር ወይም ስታውት የሚባለው ዓይነት። የቤርድ ኩሮፉኔ ፖርተር ወይም የኦሳካው ሚኖ ስታውት ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ የዮሆ ቶኪዮ ብላክ ይበቃል።

በተጨማሪ አንድ ተራ ላገር፣ ማለትም የተለመደውን ቀላል ቢራ፣ ይያዙ፤ አሳሂ ሱፐር ድራይ ወይም ኪሪን። የሚጠጣው ለማነጻጸሪያ ነው። ንጹሕ፣ ቀላል፣ ቶሎ ከምላስ የሚጠፋ ቢራ ምን እንደሚመስል ካልቀመሱ፣ ክራፍቱ ምን እንደጨመረበት መናገር ያስቸግራል።

ምልክቱን ማንበብ

ጠርሙሱን ገልብጠው ቀኑን ይፈልጉ። ጃፓን ውስጥ ቀን የሚጻፈው ዓመቱ ቀድሞ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ቀኑ ነው፤ 2026.03.10 ካለ በማርች 10 ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የተጠመቀበት ሳይሆን ጥሩ ሆኖ የሚቆይበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሆፕስ የበዛበት ቢራ ለዚያ ቀን ከተቃረበ ይተዉት። ስታውትና ጠንካራ ኤል ግን ትንሽ ቢቆይም አይከፋውም።

አንድ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። አንዳንድ የታወቀ ክራፍት ቢራ በጃፓንኛው ምልክት ላይ ሃፖሹ የሚል ተጽፎበት ይገኛል፤ ይህ ስም በሌላ ጊዜ ርካሽ፣ ብቅሉ ያነሰ መጠጥ ላይ የሚለጠፍ ነው። ምክንያቱ የግብር ሕግ ነው። እስከ 2018 ድረስ ሕጉ ቢራ የሚለው ከእህሉ 67 በመቶ ያህሉ ብቅል የሆነውን ሲሆን፣ ፍራፍሬና ቅመም የገባበት ደግሞ ብቅሉ ምንም ያህል ቢሆን ቢራ መባል አይችልም ነበር። ድምብላል ያለበት ምርጥ ዋይት ኤል እንኳ ሃፖሹ ይባል ነበር ማለት ነው። በ2018 ኤፕሪል መለኪያው ወደ 50 በመቶ ወርዶ፣ ቅመምና ፍራፍሬም ከብቅሉ ክብደት እስከ 5 በመቶ ድረስ ተፈቀደ። ዛሬም ከዚህ ያለፈ ፍራፍሬ ያለበት ሃፖሹ ተብሎ ይሸጣል፤ በስሙ አይፍረዱበት።

የጠርሙሱ ቀለምም ይታይ። ቡኒ ጠርሙስና ካን ብርሃን ይከላከላሉ። መስኮት ላይ ተደርድሮ ፀሐይ የመታው ቢራ የሚከረፋ ሽታ ያመጣል፤ ምንም ቢያደርጉት አይመለስም።

ማስቀመጥና ማሞቅ

ቤት እንደደረሱ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያቁሙት። ብዙዎቹ ያልተጣሩ ስለሆኑ ከታች እርሾ ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ ከተጋደመ ግን አተላው በጎኑ ይለጠፋል። ቢያንስ አንድ ቀን ይቁም።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ቢራውን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ መቅመስ ነው። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ሽታ ያለው ነገር አይተንም፣ ምላስም ይደነዝዛል። ላገሩ ከፍሪጅ በቀጥታ ይጠጣ። ዋይት ኤል ከ7 እስከ 10 ዲግሪ፣ ፔል ኤል ከ8 እስከ 12፣ ቤኒያካና ጥቁሩ ከ12 እስከ 14 ቢሆኑ መልካም ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ነጩን ለአስር ደቂቃ፣ ጥቁሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመው አውጥተው ያቁሙት። ቤትዎ ሞቃት ከሆነ ጊዜውን ያሳጥሩ።

ብርጭቆው

ጃምቦው ለዛሬ ይቆይ። አፉ ጠበብ ያለ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ይፈልጉ፤ የወይን ብርጭቆ ጥሩ ነው። ንጽሕናው ግን ከቅርጹ ይበልጣል። በዓይን የማይታይ ቅባት አረፋውን ይገድለዋል፤ ወጥ የነካው ፎጣ፣ ሊፕስቲክ፣ ወተት የተቀዳበት ብርጭቆ ሁሉ ይጎዳል። በሳሙና አጥበው ደጋግመው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፤ በጨርቅ ሳይወለውሉ ደፍተው ያድርቁት። መጽዳቱን ለማረጋገጥ ውስጡን አርጥበው ጨው ይነስንሱበት፤ ጨው እኩል ከተያዘ ንጹሕ ነው፣ ያልያዘበት ቦታ ካለ ቅባት እዚያ አለ። ከፈተናው በኋላ ጨዉን በውኃ ማጠብ አይርሱ። ሌላም ምልክት አለ፤ ቢራ ሲቀዳ አረፋ ነጠብጣቦች በብርጭቆው ጎን ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ቆሻሻ አለ ማለት ነው።

ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ ቅምሻ አይደረግ። ለእንግዳ ክብር የሚጨስ ዕጣን ለቢራው መዓዛ ጠላት ነው፤ ቡናው ሌላ ጊዜ ይፈላ። ሽቶም አይቀቡ፤ ማስቲካም አያኝኩ።

አፍንጫን ማዘጋጀት

ይህን እርምጃ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሰው ያልለየውን ሽታ ስሙን መጥራት አይችልም። ዋይት ኤሉን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ሲኒ ያቅርቡ። በአንዱ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ድምብላል ጨፍለቅ አድርገው ይጨምሩ። በሁለተኛው የብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ሥጋ ሳይኖርበት፣ በጣት ጨመቅ አድርገው ዘይቱ እንዲወጣ ያድርጉ። በሦስተኛው ገውዝ ትንሽ ይፈቅፍቁ። ሦስቱንም በሳህን ይክደኑና ለአምስት ደቂቃ ይተዉ።

ከዚያ አንድ በአንድ ከፍተው አጭር አጭር ትንፋሽ እየሳቡ ያሽትቱ። ድምብላሉ የቅመም ብቻ ሽታ አይደለም፤ ወደ ሎሚ የሚያዘነብል ነገር አለው። ገውዙ ሞቅ ያለ፣ ከበስተኋላው መረር ያለ ነው። በመሃል አፍንጫዎ ሲደክም የራስዎን ክንድ ያሽትቱ፤ የለመዱት ሽታ ስለሆነ አፍንጫን ያሳርፋል። አሁን ቢራውን ይክፈቱ። መጀመሪያ የሚመጣው ብርቱካኑ ነው። ድምብላሉ ቀጥሎ ይመጣል። ገውዙ ብዙ ጊዜ ከተዋጠ በኋላ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ሲኒዎቹን ያላሸተተ ሰው «ቅመም ቅመም ይላል» ብሎ ያቆማል።

ለሌሎቹም እንዲሁ ማዘጋጀት ይቻላል። ለቤኒያካ የተጠበሰ ስኳር ድንች ልጣጭ፣ ለጥቁሩ የተቆላ ገብስ። ቆሎ ያለበት ቤት ይህን አያጣም።

አቀዳድ

ብርጭቆውን አዘንብለው በጎኑ ያውርዱ፤ ግማሽ ሲደርስ ቀጥ አድርገው መሃሉ ላይ ይቅዱ። ጃፓኖች ለላገር የሚወዱት ሰባት እጅ ቢራ፣ ሦስት እጅ አረፋ ነው። አረፋው እንደ ድስት ክዳን መዓዛውን አፍኖ ይይዛል፤ እኛ ዘንድ አረፋ የበዛበት ብርጭቆ እንደ ማጭበርበር ስለሚታይ አስተናጋጅ እንዳይቀጣ ፈርቶ ሙሉ ያደርገዋል። ለቅምሻ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ያልተጣራ ቢራ ሲሆን መጀመሪያ ጥርት ያለውን ይቅመሱ። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሲቀር አዙረው አዙረው አተላውን ያንቀሳቅሱና በሌላ ብርጭቆ ይቅዱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ይቅመሱ፤ የደፈረሰው ወፍራም፣ ወደ ዳቦ የሚያደላ፣ ምሬቱ የለሰለሰ ነው። ጉሽ ጠላ የለመደ ምላስ ይህን ወዲያው ይለየዋል።

መቅመሱ

ቅደም ተከተሉ፦ ላገሩ፣ ዋይት ኤሉ፣ ዮና ዮናው፣ ቤኒያካው፣ በመጨረሻ ጥቁሩ። ቀላሉ ከከባዱ ይቀድማል። በየመካከሉ ውኃና ባዶ ዳቦ።

መልኩን ይዩ፣ ግን ብዙ አይቆዩበት። ሽታው ቶሎ ስለሚበን ብርጭቆውን ቀስ ብለው አዙረው ሁለት ሦስት ጊዜ አሽትተው ያሳርፉ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይያዙ፤ ምላስዎን በሙሉ እንዲነካ አድርገው ይዋጡ። ወይን የሚቀምሱ ሰዎች ይተፉታል፤ ቢራ ግን መዋጥ አለበት፣ የምሬቱ ጉዳይ ከጉሮሮ ነውና። ሲውጡ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ያስተንፍሱ። ጃፓናዊ ጠጪ ቢራን የሚመዝነው ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚወርድና ከወረደ በኋላ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚጠፋ ነው። ስለዚህ ከዋጡ በኋላ እስከ አስር ይቁጠሩ፤ ምሬቱ ጠፋ? ጣፋጩ ቀረ? አፍ ደረቀ?

አሁን ቢራውን ይተዉት። ብርጭቆው ውስጥ እንዳለ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይቅመሱት። ቤኒያካ ላይ ለውጡ በጣም ጎልቶ ይታያል፤ ሲቀዘቅዝ የካራሜል ጣፋጭነት ብቻ የነበረው፣ ሲሞቅ የተጠበሰውን ድንች ያወጣል። አንዳንድ ቢራ ደግሞ ሲሞቅ ጉድለቱ ይገለጣል፤ ይህም መረጃ ነው። የሹዜንጂው ቤርድ ቢራ መርሕ ሚዛንና ውስብስብነት ሲደመሩ ባሕርይ ይሰጣሉ የሚል ነው። እኔም በየብርጭቆው የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የጨመሩበት ነገር አለ ወይ? ቢራው አሁንም ቢራ ነው ወይ? ሁለቱንም «አዎ» ካስባለ ጥሩ ነው። ዩዙው ሽሮፕ ከመሰለ ጠማቂው ተሳስቷል፤ ስሙ ቢያምርም አላደንቀውም።

ጉድለት ሲያገኙ ስሙን ይወቁት። የረጠበ ካርቶን ሽታ ቢራው ማርጀቱን ያሳያል። የቅቤ ሽታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ መቅረቱን ወይም የቧንቧ ንጽሕና መጉደሉን ሊያሳይ ይችላል። አረንጓዴ ፖም ገና ያልበሰለ ቢራ ነው። የተቀቀለ በቆሎ ከአፈላሉ ችግር ይመጣል። አቼቶ የሚል ከሆነ፣ በጎምዛዛነቱ የሚታወቅ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ተበላሽቷል። የቅርንፉድ ሽታ ግን በስንዴ ቢራ ላይ ከእርሾው የሚመጣ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጉድለት አይባልም።

ሶራቺ ኤስ

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ሳፖሮ በ1984 ሆካይዶ ውስጥ ሶራቺ ኤስ የሚባል ሆፕስ አወጣ። በአገሩ ለረጅም ጊዜ ፈላጊ አላገኘም፤ ለገበያው መዓዛው እጅግ ደፋር ነበር። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ክራፍት ጠማቂዎች ወደዱት፤ በ2019 ሳፖሮ ራሱ በዚህ ሆፕስ ብቻ የተሠራ ሶራቺ 1984 የሚባል ቢራ አወጣ። መዓዛው ሎሚ፣ የሎሚ ሣር፣ ኮኮናትና ድል የሚባለው ቅጠል ነው። ሂታቺኖም ኒፖኒያ በሚለው ቢራው፣ ካኔኮ ጎልደን ከሚባል የጃፓን ገብስ ጋር አጣምሮታል። በሁለተኛው የቅምሻ ቀን ኒፖኒያን ወይም ሶራቺ 1984ን ይጨምሩ፤ የሎሚ ልጣጭና የኮኮናት ቁራጭ በሲኒ አቅርበው። በሺጋ ኮገንም ሆነ የሆፕስ አገር በሆነችው በኢዋቴዋ ቶኖ የሆፕሱ መከር የሚደርሰው በኦገስት መጨረሻ ገደማ ነው፤ በትኩስ ሆፕስ የተጠመቀ ቢራ ከተገኘ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ይፈልጉት።

ከምን ጋር ይጠጣ

ጃፓን ውስጥ ቢራ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጠጣም። ዋይት ኤል ከጨው ብቻ ከተጠበሰ ዓሣ፣ ፔል ኤል ከያኪቶሪ፣ ማለትም በእንጨት ተሰክቶ ከተጠበሰ ዶሮ፣ ጋር ይስማማል። ኢዋቴ ኩራ የሚባለው ጠማቂ በሳንሪኩ ጠረፍ ኦይስተር የተሠራ ስታውት አለው፤ ስታውትና ኦይስተር የቆየ ጥምረት ነውና። ያው ቤት ሳንሾ በሚባል ምላስ በሚያደነዝዝ የጃፓን ቅመም የተሠራ ኤልም አለው።

የእኛ ገበታ ላይ ከሆነ መራራ አይፒኤን ከዶሮ ወጥ ጋር አላቀርብም፤ የሆፕሱ ምሬትና አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ቤኒያካ ግን ጣፋጭነቱ ያለዝበዋል፤ ከምንቸት አብሽም ጋር ይሄዳል።

ጃፓን ውስጥ ሲቀምሱ

ቶኪዮ ሪዮጎኩ ውስጥ ፖፓይ የሚባለው ቤት በ70 የድራፍት ቧንቧዎቹ ይታወቃል፤ ብዙ ዓይነት በትንሽ በትንሹ ለመቅመስ ይመቻል። ትንሽ ብርጭቆ ይጠይቁ፤ ክራፍት ቤቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት መጠን አላቸው። የመጠጥ ዕድሜ 20 ዓመት ነው። መኪና ይዘው ከሆነ አንዲትም ጉንጭ አይቅመሱ፤ ሕጉ ጠጥቶ ያሽከረከረውን ብቻ ሳይሆን ያጠጣውንና አብሮት የተሳፈረውንም ይቀጣል።

የመጨረሻው ፈተና

ጥቂት ጊዜ ከቀመሱ በኋላ ራስዎን ይፈትኑ። ሌላ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቅዳልዎ፤ ሁለቱ ሂታቺኖ ዋይት፣ አንዱ የዮሆ ሱይዮቢ ኖ ኔኮ ወይም ሌላ የስንዴ ቢራ። የትኛው የት እንዳለ አይንገርዎ፤ ሙቀቱ እኩል ይሁን፣ መልኩ እንዳይታይ ብርሃኑ ይቀነስ። የተለየውን ያውጡ። በግምት የማግኘት ዕድል ከሦስት አንድ ስለሆነ አንዴ ማግኘት ምንም አያሳይም፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በግምት ማግኘት ግን ከ27 አንድ ነው። ሦስቱንም ካገኙ ወደ ከባዱ ይለፉ፦ ሁለት ብርጭቆ አዲስ ዮና ዮና፣ አንድ ብርጭቆ ወራት የቆየ ዮና ዮና። የካስኬዱ የግሬፕፍሩት መዓዛ ከየትኛው እንደጎደለ በአፍንጫ ብቻ፣ ሳይቀምሱ ይለዩት።